በሳህን ላይ የጻፍኳቸው ሦስት ፊደላት

ጃፓንኛ መማር የጀመርኩት ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው።

ጅዳ ስገባ የነበረችኝ ዐረብኛ ከቁርኣን ቤት የያዝኳት ብቻ ነበረች። በእሷ ይሰገድባታል እንጂ ወጥ ቤት አትሠራም። ማንኪያ አምጪ ሲሉኝ ቢላዋ ይዤ እሄዳለሁ፤ የቤቱ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ የማገኛቸው የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ በአማርኛዬ ይስቃሉ። «ወሎዬዋ፣ እስኪ ድገሚው» ይሉኛል። እኔ ሰው ሲስቅብኝ ጆሮዬ የሚግል፣ ምላሴ የሚታሰር ሰው ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት የቤት ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልኩ አወራለሁ። ውሸት ነው። ሰሌዳ ፊት ወጥቼ ክፍልፋይ ተሳሳትኩ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ በማግሥቱ አልሄድኩም። በዚያው ቀረሁ።

የምሠራበት ቤት ባግዳዲያ በሚባል የጅዳ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሠራተኞቹ ሁለት ነን። እኔ ቤት አጸዳለሁ፣ ሕፃኗን እይዛለሁ፤ ምግብ የሚሠሩት ደግሞ ከእኛው አገር፣ ከወሎ የመጡ ሴት ናቸው። ከእናቴ በጥቂት ዓመት ቢያንሱ ነው። «እትዬ» እላቸዋለሁ። ከወጥ ቤቱ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን አደርን። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ቁርኣኑን ግን በቃላቸው ብዙ ይዘዋል። ከልጆቹ አንዱን ሲያተኩሰው እጃቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ቁርኣን ቀርተው እፍ ይሉበታል፤ የቤቱ እመቤት ማዳምም ራሷ «ነይ እስኪ ቅሪበት» ብላ ትጠራቸው ነበር።

እትዬ ዐረብ አገር የመጡት ለደመወዙም ቢሆን ልባቸው ግን መካ ነበር። ውላቸው ከዒድ በኋላ ያበቃል። ማዳም ደግሞ «በረመዷን የመጨረሻ ቀናት ለዑምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ ስንሄድ አንቺም ከእኛ ጋር ነሽ» ብላ ቃል ገብታላቸዋለች። ከጅዳ መካ በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ያለ ባለቤቶቹ ግን ከበር የሚወጣ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰዓት ቀርቷቸው ነው የኖሩት። ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ሩዝ ሲያጥቡ፣ ካዕባን መጀመሪያ ሲያዩ የሚሉትን ዱዓ ያጠናሉ። «ዓይን መጀመሪያ ሲያርፍበት የተለመነ አይመለስም» ይሉኛል።

የቤቱ ትልቋ ልጅ ከማግባቷ በፊት የጃፓን ካርቱን ትወድ ነበር። አግብታ ሪያድ ስትሄድ ክፍሏ ለሕፃኗ ተሰጠና ካርቶኖቿን እንዳወጣ ታዘዝኩ። «ኸላስ፣ በቃ፣ አትፈልገውም፣ ሁሉንም ጣዪው» አለች ማዳም። ካርቶኖቹን ወደ ሊፍቱ ስጎትት አንዱ ተቀደደና መጽሐፍ ወደቀ። ወድቆ የተከፈተበት ገጽ ላይ ሰንጠረዥ አለ። በየሳጥኑ አንድ ፊደል፣ ከሥሩ በእንግሊዝ ፊደል ድምፁ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ኤ ቢ ሲዲን ግን አውቃለሁ። አነበብኩት፦ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ሳ፣ ሺ፣ ሱ፣ ሴ፣ ሶ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ይህ እኮ ገበታ ነው! አንደኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መምህራችን በዘንግ እየጠቆመ በዜማ ያስባለን ዓይነት ገበታ። ዐረብኛውን ፊደል እንኳ ስማር እንዲህ ያለ ነገር አልተሰማኝም። በሰማይ ዳርቻ ያለ አገር እንደኛ በልጅነቱ ፊደል እየዘመረ አደገ ማለት ነው። መጽሐፉን ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩት። ጣዪው የተባልኩትን አልጣልኩም፤ ይህ ስርቆት ነው ወይስ አይደለም እያልኩ ብዙ ጊዜ ከራሴ ጋር ተከራክሬበታለሁ።

ከሁሉ የሳበኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ ቤት፣ በዚህ ሰፈር፣ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ብሳሳት ማን ያውቃል? ማን ይስቅብኛል?

ወረቀት ቆራርጬ በየቀኑ አምስት አምስት ፊደል እጽፍና በኪሴ እይዛለሁ። መስታወት ስወለውል፣ ካልሲ ስገጥም፣ ሕፃኗን ሳስተኛ አወጣና አያለሁ። መጀመሪያ በእኛው ሥርዓት ልይዘው ሞክሬ ነበር። የኛ ፊደል ቤተሰብ ነው፤ «በ»ን ያወቀ «ቡ»ንም «ቢ»ንም በመልኩ ይለየዋል፣ እግር ወይ ክንድ ብቻ ነው የሚለወጠው። የእነሱ ግን «ካ» እና «ኪ» አይተዋወቁም። እያንዳንዱ ብቻውን የተወለደ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መልክ ፈለግሁለት። «ሺ» ሥጋ የሚሰቀልበት ሜንጦ ናት። «ኩ» አፏን የከፈተች ጫጩት። «ኢ» ተኳርፈው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጎረቤታሞች። «ኖ» ቀንድ አውጣ። «ሄ» ዝቅ ያለች የሣር ቤት ጣሪያ። «አ» ልጅ አዝላ ሻሽ የምታስር ሴት፤ እሷን ለመያዝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

እትዬ አንድ ቀን ልብስ ስተኩስ ያዙኝ።

«ምንድን ነው እሱ የምታነበንቢው?»

«ፊደል ነው እትዬ።»

«የማን ፊደል?»

«የጃፓን።»

ትንሽ አሰቡ። «ጃፓን መኪና ይሠራል እንጂ ፊደል ምን ያደርግለታል?»

ሳቅኩ። በእሳቸው ሳቅ ጆሮዬ አይግልም ነበር። ወዲያው ግን ፈራሁ። «እትዬ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ማዳም ብትሰማ ሠራተኛዋ ተማሪ ሆነች ብላ ለእንግዳው ሁሉ ታወራብኛለች።»

«አይዞሽ፣ እኔ እንደሁ አንብቤ አላጋልጥሽ።»

«ወላሂ ይበሉ።»

«ለዚች? ለዚች ነገር የአላህ ስም ይጠራል?»

«ይበሉልኝ፣ እትዬ።»

«ወላሂ ለማንም አልናገርም። በይ ካውያው ልብሱን አቃጠለው» አሉኝ።

ያችን ወላሂ እኔ ነኝ አፋቸው ውስጥ ያስገባኋት።

ወራት አለፉና አርባ ስድስቱን ፊደል ጨረስኩ፤ ሦስት ብቻ እምቢ አሉኝ። «ዋ»፣ «ኔ» እና «ሬ» በግራ በኩል አንድ ዓይነት ናቸው፤ ምሰሶ ይዘው የቆሙ ሦስት እህትማማቾች ይመስላሉ። የሚለዩት በቀሚሳቸው ጫፍ ነው። አንዷ ወደ ውስጥ ትሰበስበዋለች፣ አንዷ ትቋጥረዋለች፣ አንዷ ወደ ውጭ ትረግጠዋለች። ጠዋት አውቃቸውና ከሰዓት ይምታቱብኛል። አንድ ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። ያን ጊዜ የልጅነቴ ቁርኣን ቤት ትዝ አለኝ።

በእኛ አገር ቁርኣን የሚቀራው ሉህ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። ሸኹ ይጽፉልሃል፤ ስትቀራው ትውልና ሲያበቃ በውሃ ታጥቦ ይጠጣል። ጥቁር ውሃ ነው፣ ጥላሸት ጥላሸት ይላል፤ የጠጡት ግን ከሆድ ገብቶ ልብ ላይ ይቀመጣል እንባል ነበር። እኔም ስንቱን አንቀጽ ጠጥቼ ነው የያዝኩት። እንግዲህ ለአላህ ቃል የሚሠራውን ለጃፓን ፊደል ማዋል ነውር ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም። ቀለም የለኝም፤ ለዐረቦቹ ቡና የሚገባው ዘፈራን፣ ያ ቢጫ ቅመም፣ አለ። ጥቂት ዘፈራን በሙቅ ውሃ በጠበጥኩ፣ በክብሪት እንጨት ነጭ ሳህን ላይ ሦስቱን ፊደላት ደጋግሜ ዙሪያውን ጻፍኩ። እስኪደርቅ ብዬ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከትልልቆቹ ድስቶች ኋላ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ አጥቤ ልጠጣው ነበር።

በማግሥቱ ማዳም ረመዷን ደረሰ ብላ የሾርባውን ትልቅ ድስት ልታወርድ ወንበር ላይ ወጣች።

ጩኸቷን ሕፃኗን ይዤ ሳሎን ሆኜ ሰማሁ። ስደርስ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማዳም ከግድግዳው ተለጥፋ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። እትዬ ከምድጃው አጠገብ ቆመዋል።

«ሲሕር!» ትላለች ማዳም። «አዑዙ ቢላህ! ቤቴ ውስጥ ሲሕር! ማን ነው ይህን የጻፈው?»

ለካስ በዚያ አገር ድግምት የሚሠራ ሰው ማንም የማያነበውን ጽሑፍ በዘፈራን ሳህን ላይ ጽፎ፣ አጥቦ፣ ለሰው ያጠጣል ይባላል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ፊደሌ፣ ዘፈራኔ፣ ሳህኔ፣ መደበቂያዬ፣ አንዱም ሳይጎድል የሰው ቤት ከሚያፈርሰው ነገር ጋር ገጠመ።

እትዬ አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አይደለም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሳህኑ መለሱ።

«አንቺ ነሽ?» አለቻቸው ማዳም።

እትዬ ዝም አሉ።

ያን ጊዜ አንድ ቃል በቂ ነበር። «አነ» ማለት ብቻ፤ እኔ ነኝ። ያን ያህል ዐረብኛ በመጀመሪያው ሳምንት ችያለሁ። አላልኩም። ሰዎች ፈርተሽ ነው ሊሉኝ ይችላሉ፤ ፖሊስ፣ እስር፣ እንዲህ ያለ ነገር። ፈርቼስ ነበር። ግን ለራሴ መዋሸት ስለማልፈልግ እጽፈዋለሁ፦ ከፖሊሱ በፊት የታየኝ የቤቱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ «ሠራተኛዋ ጃፓንኛ እየተማረች ነው!» ብሎ ሲስቅ ነው። ጆሮዬ ጋለ። ሕፃኗን አቀፍኳት።

ማዳም ክፍላችን ገብታ ፈተሸች። ከእኔ ፍራሽ አልጀመረችም፣ ከእሳቸው ጀመረች። ከሻንጣቸው ሥር በቆዳ የተሰፋ ክታብ አገኘች፤ ሲመጡ አሁን በሕይወት የሌሉት እናታቸው አንገታቸው ላይ ያሰሩላቸው ነው። ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም፤ የእኔ መጽሐፍ ከፍራሼ ሥር እንዳለ ቀረ።

ክፉ ሴት አልነበረችም። ፖሊስ አልጠራችም። ባሏ ሳህኑን በስልኩ ፎቶ አነሳና ለአንድ ቁርኣን ለሚቀራ ሸኽ አሳየ፤ ሸኹም መጥቶ በየክፍሉ ቀራ፣ የተቀራበትን ውሃ በየጥጉ ረጨ። ለሁላችንም ከውሃው ተሰጠን። እትዬ ቢስሚላህ ብለው ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። እኔ ከንፈሬን አርጥቤ መለስኩት። ሳህኑን ባልየው ወስዶ ባሕር ውስጥ ጣለው አሉ። ሪያድ ያለችው ልጅ ነፍሰ ጡር ስለነበረች እንዳትደነግጥ ተብሎ ምንም አልተነገራትም። እሷ ብትሰማ ያኔውኑ ያልቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳም ከእትዬ እጅ አልበላችም። እኔን ምድጃው ላይ አቆመችኝ፤ እሳቸውን መጥረጊያ አስያዘቻቸው። መካም ቀረ። «እንዲህ ያለ ነገር የተገኘባትን ሴት ይዤ ካዕባው ሐረም አልገባም» አለች። «ሕፃኗን የሚይዝልኝ ሰው ግን ያስፈልገኛል። አንቺ ትመጫለሽ፤ ያ ቢንት» አለችኝ፤ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው።

ረመዷን ገባ። እትዬን ለማዳን ሃያ ቀን ነበረኝ። በየቀኑ ከኢፍጣር በፊት እናገራለሁ እላለሁ፤ ሰው ከጾመ ሆዱ ይራራል። ከዚያ ደግሞ የተራበ ሰው ይቆጣል፣ ከበሉ በኋላ ይሻላል እላለሁ። ከበሉ በኋላ ወደ ተራዊሕ ሶላት ይሄዳሉ። ክፍላችን ውስጥ እትዬ አንድም ቀን ነገሩን አላነሱብኝም። ሾርባው ሲያርብኝ ከበሩ ሆነው በቀስታ «እሳቱን ቀንሽው፣ ጨው ጨምሪ» ይሉኛል። እንዲያውም አንድ ቀን ማዳም «ሾርባው ካለፈው ዓመት ይበልጣል» ስትለኝ ጀርባቸውን ሰጥተው መሬቱን ይወለውሉ ነበር። እኔም «አላህ ይስጥልኝ» አልኩ።

«ዋ»ን፣ «ኔ»ን፣ «ሬ»ን ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜም አላሳሳትኳቸውም። ሳልጠጣቸው ገቡ።

የምንሄድ ዕለት ጠዋት ሻንጣ ሳወርድ እትዬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። «ለእናቴ ዱዓ አድርጊልኝ» አሉኝ። «ካዕባን ያላየ ዓይን ይዛ ሞተች፤ እኔ ላይላት ነበር። ስሟን ጠርተሽ ለምኝላት።» እሺ አልኩ። መኪናው ውስጥ የተቀመጥኩበት ቦታ ሁለት ዓመት ሙሉ የእሳቸው ተብሎ የሚጠራ ቦታ ነው።

መካ ደረስን፤ ስለ ካዕባ የሚባለው ሁሉ እውነት ነው። ዙሪያዬ ያለው ሕዝብ እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፤ ማዳም እምነቴ ጠንክሮ መሰላት። ዓይን መጀመሪያ ሲያርፍበት የተለመነ አይመለስም ያሉኝን አልረሳሁም፤ ስለዚህ የእናታቸውን ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ። የእናታቸው ስም ከአፌ አልወጣ አለ። የሰው ቦታ ነጥቆ መጥቶ ደግሞ የሰውየውን መልእክት አደርሳለሁ ማለት ለማን ይባላል? ሕፃኗን ታቅፌ ሰባቱን ዙር ዞርኩ። ሰባት ጊዜ አፌን ከፈትኩ።

ዑምራውን ጨርሰን የተከራየነው ክፍል ስንገባ ማዳም ሕፃኗን ተቀበለችኝና ግንባሬን ሳመችኝ። «አላህ ይቀበልሽ» አለችኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ውስጥ አንድ ንጹሕ ሰው አስቀረልኝ።»

ያቺን መሸከም አልቻልኩም።

«ማዳም» አልኩ፣ «ሳህኑ የእኔ ነው።»

አልገባትም። ደገምኩት። መጽሐፉን፣ ካርቶኑን፣ ሉሁን፣ ጥቁሩን ውሃ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ ሁሉንም ነገርኳት። ሕፃኗን ከእኔ አርቃ ወደ ደረቷ ስታስጠጋ አየሁ። ባሏን ጠራች፤ ስልኩን አወጣ፤ ሁለቱ ተመካከሩና ፎቶውን ሪያድ ላለችው ልጃቸው ላኩላት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። ልጅቱ ወዲያው ደወለች። ድምፅዋ በክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

«ማማ! ይህ እኮ ጃፓንኛ ነው! ዋ፣ ኔ፣ ሬ! ያቺ የተውኳት መጽሐፍ! ማን ነው የጻፈው? ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል!» ብላ ሳቀች። አሳሳቋ ትንፋሽ እስኪያጥራት ነበር። ባልየው ሳቀ። ማዳምም ሳቀች፤ ፈርታ የከረመች ሰው አሳሳቅ፣ እንባዋ እስኪፈስ። «ያ ያባኒያ!» አለችኝ፤ አንቺ ጃፓናዊት ማለቷ ነው። «እኛ ሸኽ አምጥተን በጃፓን ፊደል ላይ አስቀራን!»

ያ ነው። ከዚያ የባሰ አልነበረም። ሃያ ቀን የሸሸሁት ሳቅ መጣ፣ ጆሮዬ ጋለ፣ አለፈ። አልሞትኩም።

«ማዳም፣ እትዬ…» አልኩ። «ጅዳ አንድ ሰዓት ነው። ባባ ሄደው ቢያመጧቸው።» ባሏን ባባ ነው የምንለው።

ሳቋን ጠረገች። «ሚስኪና፣ በድለናታል» አለች። ከልቧ ነው ያለችው። «ግን መንገዱን አላየሽም? የዒድ ሰሞን ማን ይነዳል? ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ።» ሌላ ጊዜ አልነበረም። የእትዬ ትኬት ለዒድ ሦስተኛ ቀን ተቆርጧል፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ቤቱ እንግዳ ይሞላል፣ ምግብ ሠሪ ያስፈልጋል።

ጅዳ ስንመለስ ማዳም እትዬን አቅፋ ሳመቻቸው፣ የዘምዘም ውሃ ሰጠቻቸው፣ ክታባቸውን መለሰችላቸው። እትዬ «አላህ ይስጥሽ» አሉ። ምድጃው ተመለሰላቸው። ያን ከሰዓት ሁለታችን ሳምቡሳ ስንጠቀልል ነገርኳቸው፤ ማለት፣ የሚያውቁትን ነገርኳቸው።

«የኔ መሆኑን ያውቁ ነበር» አልኩ።

«ሳላውቅ!» አሉ፣ ከሊጡ ቀና ሳይሉ። «ወላሂ አስብለሽኝ የለም? ቃሌን ይዤ ያንችን ቃል ስጠብቅ ቆየሁ። ዛሬ ትናገራለች እላለሁ። ልጅ ናት፣ ትፈራለች፣ ነገ ትናገራለች እላለሁ።» አንዷን ሳምቡሳ ጠቅልለው ጫፏን ተጫኑ። «የሄዳችሁ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ገላዬን ታጠብኩ። ለዑምራ አስቤ፣ ነይቼ። ድንገት አሁን በሩ ላይ ስትደርስ ትናገርና ነይ ውጪ እባላለሁ ብዬ። መኪናው ከሄደ በኋላም ልብሴን አላወለቅሁም፤ ከመንገድ ትመለስ ይሆናል ብዬ እስከ ዙሁር ሶላት ተቀመጥኩ።»

እኔ የያዝኩትን ሊጥ ጠቀለልኩ።

«ለእናቴ ዱዓውን አደረግሽላት?» አሉኝ።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ደስ ይላቸው ነበር። «አልወጣ አለኝ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን እንኳ» አሉ። ዘይቱ ሞቋል ብለው ተነሱ።

የዒድ ዕለት ማዳም ነገሩን ለእንግዶቿ ሁሉ አወራችው። እየደጋገመች፣ ሸኹን እያስመሰለች። የፈራሁት ሁሉ ሆነ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሳሎን መሐል ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሴቶቹና ልጆቻቸው ተሰልፈው ስማቸውን በጃፓን ፊደል አስጻፉኝ። «ማሻአላህ!» ይላሉ። «ብልህ ናት!» በሕይወቴ እንዲህ ተብዬ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኛል፤ እጄ ሞቀ፣ ጽሑፌ አማረ። ከዚያ ቀና ስል እትዬ ትልቁን የሻይ ትሪ ይዘው በእንግዶቹ መሐል ይዞራሉ።

አንዲት ትንሽ ልጅ «የእሷንም ጻፊላት» አለችኝ ወደ እሳቸው እየጠቆመች። ጻፍኩ። ከጻፍኩት ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩ። ተነስቼ ዘረጋሁላቸው።

«ስምዎ ነው፣ እትዬ።»

ወረቀቱን አዩት። «እጄ ተይዟል» አሉኝና ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለፉ።

በሦስተኛው ቀን ሻንጣቸው ወረደ። በእኛ አገር መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል፤ መንገድ ነው፣ ሞት አለ፣ የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይኬድም። የሚቀረውም አፉ ብያለሁ፣ እናንተም አፉ በሉኝ ብሎ ይመልሳል። ሥርዓቱ ሁለት ወገን ነው። እትዬ ማዳምን አፉ በይኝ አሉ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አፉ በሉኝ አሉ፤ ሕፃኗን እንኳ እግሯን ስመው አፉ በይኝ አሏት። በመጨረሻ ሊፍቱ ተከፍቶ እያለ እኔ ጋ መጡ። እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ሳሙኝ።

«አብረን ኖረናል። ክፉ ተናግሬሽ እንደሁ፣ ቀምቼሽ እንደሁ፣ አፉ በይኝ» አሉኝ።

«አፉ ብያለሁ፣ እትዬ» አልኩ።

ጠበቁኝ። አሁን ሳስበው ጠበቁኝ፤ ባልየው ከታች እየደወለ፣ እጃቸው የሊፍቱን በር ይዞ፣ እኔ የምመልሰውን ግማሽ ጠበቁኝ። የእኔ ግማሽ ግን ስንቱን ተሸክሞ ይውጣ? ጆሮዬ ጋለ፣ ምላሴ ታሰረ። ያን ቀን ማንም አይስቅብኝም ነበር፤ ሆኖም ታሰረ። በሩን ለቀቁት።

የሊፍቱ ቁጥር ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። በደረጃው ሮጬ ብወርድ እደርስባቸው ነበር። ውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች፤ ማዳም «ያ ያባኒያ!» ብላ ተጣራች፤ ገባሁ።